ሳይፈነዱ ለሚሞቱ ከዋክብት የሚገባው ድርሻ

ስለ ሰማይ በሚጻፉ መጣጥፎች፣ በሬዲዮ የሳይንስ ዝግጅቶችና በመማሪያ ክፍሎች ደጋግሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ የሰው አካል የተሠራው ከፈነዱ ከዋክብት ፍርስራሽ ነው ይባላል። አነጋገሩ ያምራል፤ ከፊሉም እውነት ነው። በደማችን ያለው ብረትና በምንጠጣው ውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በአብዛኛው በፍንዳታ ወደ ሕዋ የተረጩ ናቸው። ሕይወት የተገነባችበት ካርቦን፣ ለፕሮቲንም ሆነ ለዘረ መል የግድ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ከካርቦኑ ወደ ግማሽ የሚጠጋው፣ ከናይትሮጅኑ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠው የመጣው ፈንድተው ከማያውቁ መካከለኛ ከዋክብት እንደሆነ ስሌቶች ያሳያሉ። እነዚህ ከዋክብት የሞቱት የውጭ ገላቸውን በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ ወደ ሕዋ እየለቀቁ ነው። ታሪካቸው በአማርኛ የሚነገረው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲነገርም ለውብ ፎቶግራፍ ማጀቢያ ሆኖ ነው። ይህ ሚዛን መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ። ማስረጃው ፕላኔታዊ ኔቡላ በሚባሉት የሰማይ ደመናዎች ጋዝና አቧራ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ስማቸው ያሳስታል እንጂ እነዚህ ደመናዎች ከፕላኔት ጋር ዝምድና የላቸውም። በ1780ዎቹ ስሙን ያወጣላቸው ዊልያም ኸርሼል ነው፤ በቴሌስኮፑ ክብና ደብዛዛ ሆነው ሲታዩት እሱ ራሱ በ1781 ያገኛትን ዩራነስን መሰሉት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምንነታቸው መገለጥ የጀመረው ኦገስት 29 ቀን 1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሀጊንስ ዛሬ የድመት ዓይን የሚባለውን ኔቡላ ብርሃን በፕሪዝም ሲበትን ነው። ብርሃኑ ከከዋክብት ስብስብ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ቀለማቱ እንደ ቀስተ ደመና ተያይዘው በታዩ ነበር። ሀጊንስ ያየው ግን ጥቂት ደማቅ መስመሮችን ብቻ ነበር፤ ይህም ደመናው የጋለ ጋዝ መሆኑን አረጋገጠ። ከመስመሮቹ ሁሉ የደመቁት አረንጓዴዎቹ በምድር ላይ ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም ስላሉ፣ «ኔቡልየም» የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ሳይኖር አይቀርም የሚል ግምት ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ቆየ። እንቆቅልሹን በ1927 የፈታው አሜሪካዊው አይራ ቦወን ነው። መስመሮቹ የሚመነጩት ሁለት ኤሌክትሮን ካጣ ተራ ኦክስጅን እንደሆነ አሳየ። በምድር ላይ አቶሞቹ ያንን ብርሃን ከመልቀቃቸው በፊት እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ በኔቡላ ውስጥ ግን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያሉት ቅንጣቶች በጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ ብቻ ስለሆኑ አቶሙ ሳይጋጭ የሚቆይበት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ወዲህ የኔቡላን ይዘት ማንበብ በአቶም ፊዚክስ ላይ የቆመ ሥራ ሆኗል፤ የትኛው ንጥረ ነገር፣ በምን ያህል መጠን፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንዳለ ከመስመሮቹ ብርታት ይሰላል።

ደመናዎቹን የሚወልዱት ክብደታቸው ከፀሐይ 0.8 እጥፍ ጀምሮ እስከ 8 እጥፍ ገደማ የሚደርስ ከዋክብት ናቸው። ፀሐይ ራሷ ከዚህ ወገን ናት። በጋላክሲያችን ካሉት ከዋክብት ከ95 በመቶ የሚበልጡት መጨረሻቸው ነጭ ድንክ የሚባለው ቀስ በቀስ የሚቀዘቅዝ አስኳል እንጂ የፍንዳታ ሞት አይደለም። ኮከቡ በማዕከሉ ያለውን ሃይድሮጅን ሲጨርስ ይነፋል፣ ይቀላል፤ ከዚያም ሂሊየሙን ማንደድ ይጀምራል። ሦስት የሂሊየም አስኳሎች ሲዋሐዱ አንድ ካርቦን ይገኛል። ዋናው ጥያቄ ያ ካርቦን ከኮከቡ ጥልቅ ወለል እንዴት ይወጣል የሚለው ነው። በኮከቡ የመጨረሻ ዘመን በአስኳሉ ዙሪያ ያለው ሂሊየም በየጊዜው ቦግ እያለ ይነዳል፤ ከእያንዳንዱ ቦግታ በኋላ የላይኛው የሚናጥ ጋዝ ወደ ታች ጠልቆ አዲሱን ካርቦን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ እንዳይመስል አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በ1952 ፖል ሜሪል በአንዳንድ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ብርሃን ውስጥ የቴክኒሽየምን መስመሮች አገኘ። ቴክኒሽየም በጨረር እየፈረሰ የሚጠፋ ንጥረ ነገር ነው፤ ረጅሙ ግማሽ ዕድሜው እንኳ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚለካ ሲሆን ከዋክብቱ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያረጁ ናቸው። ስለዚህ ኮከቡ ሲወለድ ይዞት የመጣ ሊሆን አይችልም፤ እዚያው ውስጡ ተሠርቶ ወደ ገጹ የወጣ ነው። ስትሮንሽየም፣ ዚርኮንየም፣ ባሪየምና ከእርሳስም ጥሩ ድርሻ የሚሠሩት ቴክኒሽየምን በሠራው በዚሁ ሂደት ነው፤ አስኳሎች ኒውትሮን ቀስ በቀስ እየያዙ ስለሚከብዱበት ዝግ ያለ ሂደት ይባላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ የኮከቡን ገላ ገፍቶ የሚያወጣው በአብዛኛው አቧራ ነውና። ኮከቡ ሲነፋና ሲኮማተር የላይኛው ጋዝ ወደ ውጭ ይወረወራል፤ ሙቀቱ ከ1,500 ዲግሪ በታች ሲወርድ አቶሞቹ ተያይዘው ጠጣር ቅንጣቶች ይሆናሉ። የኮከቡ ብርሃን ቅንጣቶቹን ይገፋል፣ ቅንጣቶቹ ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን ጋዝ እየጎተቱ ይወጣሉ። በዚህ መንገድ አንድ ኮከብ በዓመት የምድራችንን ሦስት እጥፍ የሚያህል ቁስ ሊያጣ ይችላል። ፀሐይን የምታህል ኮከብ በዚህ ዓይነት ከክብደቷ ግማሽ ያህሉን ትለቃለች። የአቧራውን ዓይነት የሚወስነው የካርቦንና የኦክስጅን ፉክክር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ፤ ይህ ሞለኪውል እጅግ ጽኑ ስለሆነ ያነሰው ወገን በሙሉ በውስጡ ታስሮ ይቀራል። ኦክስጅን በልጦ ከሆነ የተረፈው ኦክስጅን ከሲሊከንና ከማግኒዝየም ጋር ተዋሕዶ ሲሊኬት፣ ማለትም የድንጋይና የአሸዋ ዘመድ የሆነ አቧራ ይሠራል። ካርቦን በልጦ ከሆነ ደግሞ ሲሊከን ካርባይድና ጥቀርሻ ይገኛል። ጥቀርሻ ስል ምሳሌውን አላጋነንኩም፤ በኔቡላዎቹ የኢንፍራሬድ ብርሃን ውስጥ የሚታዩት ባለ ብዙ ቀለበት የካርቦን ሞለኪውሎች በምጣድና በምድጃ ግድግዳ ላይ ከሚጠቁረው ጭስ ውስጥ የሚገኙት ዓይነት ናቸው። በኦክስጅን በበለጸጉት ከዋክብት ዘንድ አቧራው ብቻውን ንፋሱን ለመግፋት ይበቃል ወይ የሚለው ገና ያከራክራል፤ በካርቦን በበለጸጉት ዘንድ ግን ጉዳዩ ግልጽ ነው።

ገላው ከተለቀቀ በኋላ የሚቀረው አስኳል ከ100,000 ዲግሪ በላይ እየጋለ በአልትራቫዮሌት ጨረሩ ደመናውን ያበራዋል፤ ደመናውም በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር እየሰፋ በአሥርና በሃያ ሺህ ዓመታት ውስጥ ይበተናል። በኮከብ ዕድሜ ይህ አጭር ጊዜ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ግን የኮከቡ ሥራ ሁሉ ለእይታ ይቀርባል። በሲግነስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ የሚገኘው ኤንጂሲ 7027 ወጣት፣ በካርቦን የበለጸገና በአቧራ የተሸፈነ ነው። በ2019 ሂሊየምና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት፣ በጽንፈ ዓለም መጀመሪያ የተፈጠረ የመጀመሪያው ሞለኪውል ነው የሚባለው ቅንጣት በሕዋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እዚሁ ነው። በ2010 ደግሞ በስፒትዘር የሕዋ ቴሌስኮፕ መረጃ ቲሲ 1 በተባለው ኔቡላ ውስጥ 60 የካርቦን አቶሞች እንደ እግር ኳስ የተያያዙበት ሞለኪውል ተገኘ። ይህን ሞለኪውል በ1985 በቤተ ሙከራ ያገኙት ሃሮልድ ክሮቶ፣ ሮበርት ከርልና ሪቻርድ ስሞሊ በ1996 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል፤ ክሮቶ ፍለጋውን የጀመረው ከመነሻው በካርቦን የበለጸጉትን ከዋክብት (የካርቦን ከዋክብትን) ኬሚስትሪ ለመረዳት ነበር። በ2025 ይፋ የሆነው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ምርመራ በቢራቢሮው ኔቡላ፣ በኤንጂሲ 6302፣ ወገብ ላይ ኳርትዝን የመሰሉ የሲሊኬት ክሪስታሎችን አሳይቷል፤ በዚያው ኦክስጅን በሚበዛበት ደመና ውስጥ የጥቀርሻ ሞለኪውሎችም ተገኝተዋል። ቀደም ብዬ ያስቀመጥኩት የካርቦንና የኦክስጅን ሕግ በአንድ ኔቡላ ውስጥ እንኳ ከቦታ ቦታ ሊለያይ እንደሚችል ይህ ያስተምራል።

የናይትሮጅን ነገር አጠር ያለ ነው፤ ግን መዘለል የለበትም። ከፀሐይ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ በሚከብዱት ከዋክብት ውስጥ የላይኛው ጋዝ ግርጌ እጅግ ስለሚግል ወደ ላይ የወጣውን ካርቦን ወደ ናይትሮጅን ይለውጠዋል። በሂሊየምና በናይትሮጅን የበለጸጉ ኔቡላዎች ራሱን የቻለ ወገን ሆነው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተለዩት በዚህ ምክንያት ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ከኔቡላዎቹ ይዘት ጋር አያይዤ የማነሣው ደግሞ የብረትን ጉዳይ ነው። በኔቡላዎቹ ጋዝ ውስጥ ብረት ሲለካ ሊኖር ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው የሚገኘው፤ አብዛኛው ጠፍቷል። የጠፋውም አቧራው ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ጋዙን ብቻ ለክቶ የኔቡላውን ይዘት አውቄያለሁ ማለት አይቻልም፤ ጋዙና አቧራው የአንድ ሒሳብ ሁለት ዓምዶች ናቸው።

በዚህ ክርክሬ ላይ ሊነሣ የሚችለው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እንዲህ ይላል፦ በክብደት ሲታይ ከሰው አካል 65 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅን የግዙፍ ከዋክብት ፍንዳታ ውጤት ከሆነ የተለመደው አነጋገር ምን ስህተት አለው? በተጨማሪም በ1987 ታላቁ የማጂላን ደመና በሚባለው ጋላክሲ ውስጥ የፈነዳው ኮከብ የፀሐይን ግማሽ ክብደት የሚያህል አቧራ እንደሠራ በ2011 በኸርሼል የሕዋ ቴሌስኮፕ ታይቷል፤ አንድ ፍንዳታ ይህን ያህል ከሠራ መካከለኞቹ ከዋክብት ለምን ይቆጠራሉ? ሁለቱንም እውነታዎች እቀበላለሁ። በጽንፈ ዓለም የመጀመሪያ ዘመን መካከለኞቹ ከዋክብት ገና ለሞት ስላልደረሱ በዚያ ጊዜ ለነበረው አቧራ ዋናው ተጠያቂ ፍንዳታ መሆኑንም ለማመን አያዳግትም። ነገር ግን የፈነዳ ኮከብ የሠራውን አቧራ የራሱ የፍንዳታ ማዕበል ተመልሶ ይመታዋል፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ ገና አልተቋጨም። መካከለኛው ኮከብ ግን አቧራውን የሚለቀው በዝግታና በቀዝቃዛ ንፋስ ነው። ከሁሉ በላይ ክርክሬ ድርሻን የሚመለከት ነው። ከአካላችን 18 በመቶው ካርቦን ነው፤ የሕይወት ኬሚስትሪ ሁሉ የተንጠለጠለውም በእሱ ላይ ነው። ለዚህ ካርቦን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያበረከተ ወገን ከነጭራሹ ስሙ ሳይነሣ መቅረቱ ነው ስህተቱ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሙያው ውስጥ የሚነሣ ነው፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ የማከብረው ይህን ነው። በ1942 አርተር ዋይዝ ሳተርን በሚባለው ኔቡላ ላይ እንዳስተዋለው፣ የኦክስጅን መጠን በሁለት ዓይነት መስመሮች ሲለካ ውጤቱ አይገጥምም። ደማቆቹ መስመሮች አነስተኛ መጠን ይሰጣሉ፤ ኤሌክትሮን ተመልሶ ሲያዝ የሚፈነጥቁት ደካማ መስመሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ በአንዳንድ ኔቡላዎችም ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰጣሉ። ልዩነቱ የበረታባቸው ብዙዎቹ በማዕከላቸው ጥንድ ከዋክብት ያሉባቸው መሆናቸው ፍንጭ ሰጥቷል፤ ሙሉው መልስ ግን አልተገኘም። ታዲያ መለኪያው እንዲህ ከተዛባ የካርቦኑ ታሪክ ይታመናል? ይታመናል፤ ምክንያቱም ታሪኩ የቆመው በአንድ መለኪያ ላይ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ወሳኙ ነገር የካርቦንና የኦክስጅን ንጽጽር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት መስመር ሲለኩ የጋራ ስህተታቸው በአብዛኛው ይጣፋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ አቧራው ራሱን የቻለ ምስክር ነው። የጋዙ መስመሮች ካርቦን በልጧል ባሉባቸው ኔቡላዎች የኢንፍራሬዱ ብርሃን ባብዛኛው ሲሊከን ካርባይድና ጥቀርሻ ያሳያል፤ ኦክስጅን በልጧል ባሉባቸው ደግሞ ሲሊኬት። አንዱ ምስክር በጋለ ጋዝ፣ ሌላው በቀዝቃዛ ጠጣር ላይ የቆመ ነው፤ የስህተታቸው ምንጭም የተለያየ ነው። እንደ ቢራቢሮው ያሉ ቅይጥ ኔቡላዎች ታሪኩን ያወሳስቡታል እንጂ አያፈርሱትም።

ሦስተኛው ጥያቄ ይህ አቧራ ከየኔቡላው ወጥቶ እስከ እኛ ይደርሳል ወይ የሚል ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ሕዋ ለአቧራ ምቹ አይደለም፤ የፍንዳታ ማዕበሎች አብዛኛውን ይሰባብሩታል፣ ከዚያም ቁሱ እንደገና ተዋሕዶ ሌላ አቧራ ይሆናል። ቢሆንም የተረፈ አለ፤ በእጅም ተይዟል። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1969 በአውስትራሊያ መርቺሰን በምትባል ቦታ አንድ የሰማይ ድንጋይ ወደቀ። እንዲህ ካሉ ድንጋዮች ውስጥ ተመራማሪዎች በ1987 ከፀሐይ በፊት የነበሩ ጥቃቅን የሲሊከን ካርባይድ ቅንጣቶችን ለዩ። የቅንጣቶቹ የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የሲሊከን አይሶቶፖች ንጽጽር በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ካለው ከማንኛውም ነገር የተለየ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ባሪየምና ስትሮንሽየም ደግሞ በእነዚያው መካከለኛ ከዋክብት ውስጥ የሚካሄደውን ዝግ ያለ ሂደት አሻራ ይዟል። ከነዚህ ቅንጣቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የካርቦን ከዋክብት ልጆች ናቸው፤ ከፍንዳታ የመጡት ከመቶ አንድና ሁለት ቢሆኑ ነው። ሲሊከን ካርባይድ ጠንካራ ስለሆነ ከሌላው በላይ ተርፏል፣ ስለዚህ ቆጠራው ያዳላል ለሚለው መልስ አለ። ከሰማይ ድንጋዮች የተለዩት ከፀሐይ የሚቀድሙ የኦክሳይድና የሲሊኬት ቅንጣቶችም አብዛኛዎቹ ወደዚያው ወደ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ያመለክታሉ። በ2020 በወጣ ጥናት ከመርቺሰን ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ወደ ሰባት ቢሊዮን ዓመት እንደሚጠጋ ተሰልቷል። ሥርዓተ ፀሐይ ግን 4.6 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። በምድር ላይ ከተነኩ ጠጣር ነገሮች ሁሉ የቀደሙት፣ ሳይፈነዱ የሞቱ ከዋክብት አቧራዎች ናቸው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለተራው አንባቢ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ መልሱ ጊዜ ነው እላለሁ። ግዙፍ ኮከብ ተወልዶ እስኪፈነዳ የሚኖረው ጥቂት ሚሊዮን፣ ቢበዛ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ነው። ከፀሐይ ሁለት እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ግን ካርቦኑን ለመልቀቅ አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ኦክስጅኑ ቀድሞ ይመጣል፣ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ ደግሞ እየዘገዩ ይደርሳሉ፤ ፕላኔቶች ከምን እንደሚሠሩም ይህ ቅደም ተከተል ይወስናል። ሁሉም በፍንዳታ መጣ የሚል ትምህርት ይህን የዘመን ልዩነት ይደመስሰዋል፤ ተማሪውም ፀሐይና ምድር ጽንፈ ዓለም ከጀመረ ከዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት በኋላ ሲወለዱ ምን ዓይነት ቅርስ እንደጠበቃቸው ሳይገባው ያልፋል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ይህን ታሪክ ከመናገር አልፎ ማየት ይቻላል። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ቦታው በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነ የሰሜኑን የድመት ዓይንም፣ ጄምስ ዌብ በ2022 ፎቶግራፉን የላከውን የደቡቡን ቀለበት ኔቡላም ከአንድ ጣሪያ ሥር መመልከት ይቻላል፤ በአብዛኛው አውሮፓ ያሉ ታዛቢዎች ግን የደቡቡን ቀለበት በደንብ የማየት ዕድል የላቸውም። ፕላኔታዊ ኔቡላ ብርሃኑን የሚለቀው በጥቂት ጠባብ መስመሮች ስለሆነ፣ ያንን መስመር ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ የአዲስ አበባን የመብራት ጸዳል በብዙ መቀነስ ይቻላል። የኦክስጅንና የናይትሮጅን መስመሮችን ማነጻጸር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመጥን ሥራ ነው፤ ውጤቱም በራስ እጅ የተገኘ ዕውቀት ይሆናል። የሚመለከታቸው መምህራንና የታዛቢ ጣቢያው ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ቋሚ የትምህርት ክፍል እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና የሳይንስ ጋዜጠኞችም ንጥረ ነገሮች ከየት መጡ የሚለውን ሲያስተምሩ ኦክስጅንንና ብረትን ለፍንዳታ ይስጡ፤ ካርቦንና ናይትሮጅን ላይ ሲደርሱ ግን ሳይፈነዱ የሚሞቱትን ከዋክብት በስማቸው ይጥሩ።